ዋግ ይሆናል ያለው ስልክ

በእኛ አገር መንገድ የጠፋበትን ሰው የሚያስቸግረው መንገድ የሚያውቅ ሰው ማጣቱ አይደለም፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው መብዛቱ ነው። ከቢቸና ተነሥታችሁ ወደ ሞጣ ስትሄዱ፣ ዳር ላይ ያገኛችሁትን ሰው «እዚህ አካባቢ እገሌ የሚባል ጎጥ አለ፤ ይርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አላውቅም» የሚል ካጋጠማችሁ ሰውዬው ወይ የሩቅ አገር እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው ከብዷል። የአገሩ ሰው እንዲህ አድርጎ አያሳፍራችሁም። አገጩን ወደ ማዶ ቀና ያደርግና «ይቺው ናት!» ይላችኋል። ይቺው ናት የተባለችውን ጎጥ ስትፈልጉ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፣ ወንዝ ትሻገራላችሁ፣ ዳገት ትወጣላችሁ፣ ዳገቱ ላይ ሌላ ሰው ታገኛላችሁ፤ እሱም «ይቺው ናት!» ይላል። በኋላ ተመልሳችሁ ብትወቅሱት ከልቡ ይገረማል። እሱ መች ርቀት ነገራችሁ? አበረታታችሁ እንጂ።

አገሬን እያማሁ አይደለም። የማማት መብትም የለኝም። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ብዙውን ዘመኔን ግን ሞጣ አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ክፍል ውስጥ «አላውቅም» ያለ አስተማሪ በማግሥቱ ቅጽል ስም ይወጣለታል። ስለዚህ የማላውቀውን ስጠየቅ ጉሮሮዬን ጠረግ፣ መነጽሬን ቀና አድርጌ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ራስህ አስብበት» እላለሁ። አስተማሪ የሆናችሁ ይህችን ዘዴ ታውቋታላችሁ።

ተረቶቻችንማ ሌላ ነው የሚሉት። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ይላሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ተረቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የምንረዳው ሌላውን ሰው እንድንጠረጥር የተነገረ አድርገን ነው። ራሱን የጠረጠረ ሰው ሳላይ ጡረታ ወጣሁ። ራሱን የሚጠረጥር ዕቃ ያየሁት ከጡረታ በኋላ ነው፤ እሱንም የሠራችው የቀድሞ ተማሪዬ ውባለም ናት።

ውባለምን ሞጣ ሳስተምር የማስታውሳት በእጅ አወጣጧ ነው። ሌሎቹ ልጆች ጥያቄዬን ሳልጨርስ ጣታቸውን ዓይኔ ውስጥ ሊከቱ ይደርሳሉ፤ አውቀውም ሳያውቁም። እሷ በደንብ የምታውቀው ከሆነ እጇን እስከ መጨረሻው ትዘረጋለች፤ ግማሽ ግማሹን ከሆነ እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ታነሣዋለች። መጀመሪያ የክንድ ሕመም ያለባት መስሎኝ ነበር። «ምነው ውባለም፣ እጅሽን በደንብ አውጪ እንጂ» ብላት፣ «ያን ያህል አላውቀውም ቲቸር» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀባት። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ኮምፒዩተር ተማረች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ደግሞ ኮምፒዩተርን ማስተማር ያዘች። ነገሩ እንዲህ ነው። የስንዴ ቅጠል ፎቶ እያሳዩ «ይህን ዋግ መቶታል፣ ይህኛው ጤነኛ ነው» እያሉ ደጋግመው ይነግሩታል፤ ሕፃን ፊደል እንደማስቆጠር ማለት ነው። ልዩነቱ ይህኛው ተማሪ አይደክመውም፤ «ውጪ ልውጣ» ብሎም ፈቃድ አይጠይቅም። ሲያበቃ በስልክ ካሜራ አዲስ ቅጠል ሲያሳዩት ዋግ ይሁን አይሁን ይናገራል። ዋግ ደግሞ ለስንዴ ገበሬ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አይገባም፤ ቅጠሉን ቢጫ ብናኝ አልብሶ ማሳውን ገለባ የሚያደርግ በሽታ ነው።

ተች ስልክ ገና ወደ ገጠሩ መግባት በጀመረበት ሰሞን ቢቸና እቤቴ መጣች። ከሰላምታው በኋላ «ቲቸር፣ መዳፍዎን ይዘርጉልኝ» አለችኝ። ዘረጋሁ። ስልኩን ደቀነችበት። ስልኩ ላይ «ቢጫ ዋግ፤ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እኔን ነው ዋግ የመታኝ?» አልኩ መዳፌን እያገላበጥኩ።

«እርስዎስ ደኅና ነዎት። እሱ ነው የታመመው። ሞቅ ብሎታል።»

ሞቅ ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ጠላ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ዝምተኛ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ የእህል ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ፣ የጎረቤቱ ልጅ ማንን እንደምታገባ ሁሉንም ያውቃል። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ክፋቱም እሱ ነው። የውባለም ማሽን እንዲህ ዓይነት ነበር። ስንዴ ሲያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ሲሳሳት ግን ልክ በሆነበት ድምፅ ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ የእሷ ሥራ ማሽኑን የበለጠ ዐዋቂ ማድረግ አልነበረም፤ ያን ሌሎች ይሥሩት አለች። የእሷ ሥራ የዕውቀቱን ልክ እንዲናገር ማድረግ ነበር። እጁን እስከ ጆሮው ማንሣት ልታስተምረው ነው በሉት።

እንዴት እንደምታደርገው ጠየቅኳት። አንዱ ዘዴ ማብረድ ነው። በሙያቸውም ሙቀት ነው የሚሉት፤ ቁጥሩን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ስሌት አለ፤ በዚያ ፉከራው ይበርዳል። ሁለተኛው የድንበር ሽምግልናን ይመስላል። አንዱን ሽማግሌ ብቻውን ብትጠይቁት «ድንበሩ ይህ ዋርካ ነው» ብሎ ይምላል። ብዙ ሽማግሌዎችን ለየብቻ ብትጠይቁና አንዱ ዋርካውን፣ አንዱ ድንጋዩን፣ አንዱ ጅረቱን ቢያሳያችሁ፣ እንግዲህ ድንበሩ እንደማይታወቅ ዐወቃችሁ። እሷም አንድ ማሽን ሳይሆን ብዙ ማሽኖችን ለየብቻ አስተምራ ትጠይቃቸዋለች። ሲስማሙ ታምናለች፤ ሲጣሉ ትጠረጥራለች።

«ሰባ ከመቶ ሲል፣» አለችኝ፣ «ሰባ ያለባቸውን ቅጠሎች ሁሉ ሰብስበን ብናያቸው ከየመቶው ሰባው ዋግ መሆን አለባቸው።»

«ሁሉም ዋግ ሆነው ቢገኙስ? ጎበዝ ነዋ!»

«አይደለም ቲቸር። ሰባ ብሎ ሁልጊዜ ልክ ከሆነም ዋሽቷል። ዕውቀቱን ደብቋል።»

ስንት ዘመን ፈተና ሳርም በጣም ልክ በመሆኑ ማርክ የተቀነሰበት ተማሪ አይቼ አላውቅም። ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። ይህች ያስተማርኳት ልጅ ናት? መቼም እኔ አይደለሁም ይህን ያስተማርኳት።

የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ገበሬ መስኩ ላይ ቆሞ «ሃምሳ ሦስት ከመቶ» ቢባል ምን ያደርግበታል? ቁጥሩ ወደ ቃል መመለስ አለበት፤ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ መነገር አለበት። ቃሉን እንድመርጥላት፣ ድምፄንም እንዳውሳት ነው የመጣችው። ተቀምጠን መረጥን። በጣም ሲያምንበት «ዋግ ነው»፤ ከዚያ ወረድ ሲል «ዋግ ሳይሆን አይቀርም» — አማርኛችን ሁለት ጊዜ ክዶ አንድ ጊዜ የሚያምንባት ድንቅ ሐረግ ናት — ግማሽ በግማሽ ሲሆን «ዋግ ይሆናል»፤ ካልሆነ ደግሞ «ዋግ አይደለም»። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላት። እሷም ስልኮቹን ይዛ ከደብረ ወርቅ አልፎ በሞጣ በኩል ላሉ ጥቂት ገበሬዎች ለሙከራ ሰጠች። «ማሽኑ ዓይን ገና ያላየውን ያያል» ብላም አስረዳቻቸው። ይህን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ስልክ ከተሰጣቸው አንዱ አያ ይስማው ናቸው። በዚያ ዓመት ጤፋቸውን በረዶ መቶባቸዋል። የቀራቸው አንድ የስንዴ ማሳ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ልጃቸውን ጥሩወርቅን ይድራሉ፤ የሰርጉ ዳቦ፣ ከሰርጉ በኋላም የቤቱ ቀለብ፣ ሁሉም ከዚያ ማሳ ነው የሚጠበቀው። በጥቅምት አንድ ረፋድ ውባለም እኔ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጥሩወርቅ ናት፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እትዬ ድረሽልኝ! አባባ ስንዴውን በእሸቱ ለከብት ሊያጭዱት ነው!»

«ምን ሆኖ?»

«ስልኩ ዋግ ይሆናል አላቸዋ! ሳይሆን በፊት ገለባውን እንኳ ላትርፍ ብለው ማጭድ ይዘዋል!»

ውባለም ዞራ አየችኝ። እኔም ኮርኒሱን አየሁ።

ይሆናል! በሌላ አገር ቢሆን ምናልባት ያልፍ ነበር። የእኛ ግን የቅኔ አገር ነው፤ ሰው ቃል ሲሰማ ከሥሩ ሌላ ቃል ይፈልጋል። ሰሙ «ምናልባት ዋግ ነው» ነበር። አያ ይስማው ወርቁን ፈለቀቁት፦ «ገና ዋግ ይሆናል»። ማሽኑ ዓይን ያላየውን ያያል ተብለዋል፤ ቅጠሉ ላይ ብናኝ የለም፤ እንግዲህ ይህ ትንቢት ካልሆነ ምንድን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ተረቱ። እሳቸው ግን ጠርጥረው ሊመነጥሩ ነው።

ሚኒባስ ይዘን ደብረ ወርቅን አለፍንና ከመንገዱ ወርደን በእግር ገባን። «የአያ ይስማው ማሳ ሩቅ ነው?» ስንል የመጀመሪያው ሰው «ይቺው ናት!» አለን። ሁለተኛውም «ይቺው ናት!» አለን። ይቺው የተባለችው ማሳ እየሸሸች፣ ውባለም ከፊት እየሮጠች፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ስንደርስ፣ አያ ይስማው ማጭዳቸውን ይዘው ከማሳው ጥግ ቆመዋል። አንዱ ጥግ ታጭዷል። ጥሩወርቅ ከቀረው ስንዴ ፊት እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ አባትና ልጅ በቃላት ጨርሰው መተያየት ብቻ ቀርቷቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አያ ይስማው» አልኩ።

ደንገጥ አሉ። የኮታቸውን ኪስ ነካ አደረጉና እኔን አዩኝ። «እርስዎ ነዎት እንዴ እዚህ ውስጥ ያሉት?»

«ድምፁ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ዋግ ይሆናል ብለው ካረዱኝ በኋላ ምን ሊያደርጉ መጡ? ለለቅሶው ነው?»

«አያ፣ ይሆናል ማለት እኮ ምናልባት ማለት ነው…»

«እንዲያ ነው? እንግዲህ እኔም ጥር ላይ ሰርግ ይሆናል ብዬ አገሩን ስጠራ ምናልባት ማለቴ ኖሯል!»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ራስዎ ያስቡበት» እንዳልል ማጭድ ይዘዋል።

እሳቸውም እኔን ትተው ወደ ውባለም ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ የዚህ ዕቃ እናቱ አንቺ ነሽ። ዋግ ነው ወይስ አይደለም? አንዱን ንገሪኝና ልረፍ።»

ጠጋ ብዬ «አይደለም በያቸው» አልኳት በሹክሹክታ። «ይተርፋል።»

አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ ተወችኝ። ጎንበስ አለች። ቢጫ ቢጫ ያለውን ቅጠል በጣቷ አሸችና ጣቷን አየች፤ ምንም የለበትም። አፈሩን ነካች፤ ውሃ የጠገበው ጥቁር ዋልካ እግር ይይዛል። ሌላ ቅጠል አየች፤ ሌላም። ሦስታችን የአንዲትን ልጅ ጀርባ እያየን ቆመናል። ጥሩወርቅ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ጊዜ «አይደለም» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውባለም ቀና አለች።

«አልለየልኝም፣ አያ።»

«አልለየልሽም?»

«አልለየልኝም። ዋግ ከሆነ ጥቂት ቀን ሲቆይ ብናኙ ጣት ላይ ይወጣል። ውሃ ተኝቶበት ከሆነ ደግሞ የውሃ መውረጃ ፈሰስ ሲቀደድለት ይመለሳል። ዛሬ ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። ዛሬ ለይቻለሁ የሚልዎ ሰው ካለ ያታልልዎታል።»

«ስልኩስ?»

«እሱም አልለየለትም። ያንን ነበር ሊልዎ የፈለገው፤ ቃሉ ነው የከዳን።»

አያ ይስማው ልጅቷን አዩ፤ ስንዴውን አዩ፤ ያጨዱትን ጥግ አዩ። ከዚያ ማጭዱን ብብታቸው ሥር ወሸቁት። «እንዲያ አትሉም ታዲያ!» አሉ ወደ እኔ፤ ቁጣው ለእኔ ነው። «ያልለየለት ነገር ይታጨዳል እንዴ? እስኪለይ ይጠበቃል እንጂ!» ጥሩወርቅ እዚያው ስንዴው ውስጥ ቁጭ አለች።

በኋላ ሳስበው፣ ልጅቷ ሳታስበው ያመጣችው ቃል እኔ ጉሮሮ ጠርጌ ከመረጥኳቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር። «አላውቅም» ስትሉ በሩ ይዘጋል። «ይሆናል» ስትሉ ሰውን ገፍትራችሁ ታስገቡታላችሁ። «አልለየልኝም» ሲባል ግን በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ገና ይለያል፤ ቆዩ፤ እዩ። ደግሞም አስቡት፤ በአማርኛችን «ለየለት» ያልነው ሰው ጨርቁን ጥሎ አበደ ማለት ነው። እንግዲህ ያልለየለት ጤነኛ ነው።

በዚያው ከሰዓት አያ ይስማው ፈሰሱን ቀደዱ። መርጫውንና መድኃኒቱንም አዘጋጅተው ደጃቸው አስቀመጡ፤ ጥርጣሬ ሥራ ፈት አያደርግም። በየማለዳው ቅጠል እያሹ ጣታቸውን ሲያዩ ሰነበቱ። ስንዴው እየለመለመ መጣ፤ ውሃ ኖሯል። ስልኩ ያንኑ ቃል የተናገረበት የጎረቤታቸው ማሳ ላይ ግን ጣት ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ እዚያ ዋግ ነበር፤ ሳይስፋፋ ተረጨ።

«በይ እንግዲህ፣» አልኳት ውባለምን፣ «አንዱ ሆነ፣ አንዱ አልሆነ። ግማሽ በግማሽ! ልክ ወጣልሽ!»

«ሁለት ማሳ ማስረጃ አይሆንም ቲቸር» አለችኝ። መደሰት እንኳ በልኩ ነው።

ከዚያ ድምፁ እንደገና ተቀዳ። «አልለየልኝም። ሌላ ቅጠል ያሳዩኝ።» ቀላል ይመስላል። አነበብኩት። «አይሆንም» አለች። ደገምኩት። «አሁንም አይሆንም።» ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። «ምኑ ነው የማይሆነው?» ብላት፣ ትንሽ አመንትታ፣ «ያፈሩ ይመስላሉ ቲቸር» አለችኝ። «ሲያውቁ በሚናገሩበት ድምፅ ይበሉት። አንገትዎን ቀና አድርገው።» አለማወቅን አንገት ቀና አድርጎ መናገር ለአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ሞክራችሁት እንደሆነ ነው። ደጋግሜ ደጋግሜ በመጨረሻ ወጣልኝ። በተማሪዎቼ ዘመን ያመለጥኩት ቅጽል ስምም ያን ጊዜ ደረሰብኝ፤ ዛሬ በቢቸና ገበያ ሳልፍ «መምህር አልለየልኝም» ነው የምባለው።

ጥር ደረሰ። የአያ ይስማው ዳስ ሞልቷል፤ ዳቦው የዚያ ስንዴ ነው፤ እኔና ውባለምም ተጠርተናል። ሞቅታው ሲደራ ከሚዜዎቹ አንዱ ስልኩን ከአያ ይስማው ኪስ አወጣና «እስቲ ሙሽራውን እንየው፤ ዋግ እንዳይኖርበት!» ብሎ ፊቱ ላይ ደቀነበት። እኔ መዳፌ ትዝ አለኝ። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ትዝ አለኝ። በሰው ሰርግ ላይ፣ በእኔ ድምፅ፣ «ዋግ ነው» ቢልስ? ውባለምን ፈለግኋት፤ ወንበሯን ጨብጣ ይዛለች።

ስልኩ አንገቱን ቀና አድርጎ ተናገረ። «አልለየልኝም። ሌላ ቅጠል ያሳዩኝ።»

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሚዜው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሙሽራው ራሱ የሚገባበት ጠፋው። ይህ ሁሉ ጫጫታ በረድ ሲል ከሙሽሪት ሻሽ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ያን ማሳ ሁለት እጇን ዘርግታ ያዳነችው ጥሩወርቅ ናት።

«ሌላ ቅጠል የለኝም። እስኪለይ እጠብቃለሁ።»

እልልታው ደብረ ወርቅ ሳይሰማ አይቀርም።

ከዚያ ምርቃት ሆነ። ሽማግሌዎች በየተራ እየተነሡ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ፣ ውለዱ ክበዱ እያሉ፣ አንዳችም ሳይጠራጠሩ መረቁ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ መነጽሬን አስተካከልኩ። ስለነዚህ ልጆች ትዳር ለምልክት የምትሆን አንዲት ቅጠል እንኳ ሳላይ «ይሰምርላችኋል! በዚህ አትጠራጠሩ!» አልኩ። ዳሱ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

ውባለም ከማዶ አየችኝ፤ ፈገግ ብላ እጇን አወጣች። እስከ ጆሮዋ ድረስ።